የእመቤታችን እንዝርት

ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ ምሥራቅ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው አዳማ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመነ መንግሥት ናዝሬት ተብላ መሰየሟን፥ ኋላም በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ2000 የቀድሞ ስሟ እንደ ተመለሰላት ብዙ ምእመናን ያውቃሉ። ስሙ የተወሰደው በገሊላ ካለችው ከናዝሬት ነው። ነገር ግን በገሊላዪቱ ናዝሬት የነበረችው ድንግል በእጇ ምን ይዛ ትውል እንደ ነበረ የሚጠይቅ ጥቂት ነው፤ እኛም የእመቤታችንን የቅድስት ድንግል ማርያምን ሕይወት ዛሬ ከዚህ በኩል ልንናገር ወደድን።

እመቤታችን ግንቦት 1 ቀን ከኢያቄምና ከሐና ተወለደች። በስለት የተገኘች ልጅ ነበረችና 3 ዓመት ሲሆናት ታኅሣሥ 3 ቀን ወላጆቿ ለቤተ መቅደስ ሰጧት፤ በዚያም 12 ዓመት ኖረች። ይህ ዘመን በጸሎት ብቻ ያለፈ የሚመስላቸው አሉ። አበው ግን ከጸሎቷ ጋራ ሐርና ወርቅ አስማምታ ትፈትል እንደ ነበረ ይተርካሉ። የቤተ መቅደሱ መጋረጃ በኦሪት እንደ ታዘዘው ከሰማያዊ፥ ከሐምራዊ፥ ከቀይ ግምጃና ከጥሩ በፍታ ይሠራ ነበር፤ በሙሴም ጊዜ ለድንኳኑ የሚሆነውን ጥበበኞች ሴቶች በእጃቸው ፈትለዋል። እንግዲህ ፈትል የእግዚአብሔር ቤት አገልግሎት ነበር ማለት ነው። በያዕቆብ ስም የሚጠራውና በ2ኛው መቶ ዓመት የተጻፈው ጥንታዊ መጽሐፍም፥ ለመጋረጃው ፈትል ዕጣ በወጣ ጊዜ ሐምራዊውና ቀዩ ለእመቤታችን እንደ ደረሳት ይናገራል።

15 ዓመት ሲሆናት ለአረጋዊው ለዮሴፍ ታጨች። መልአኩ ገብርኤል በመጣ ጊዜ ምን ትሠራ እንደ ነበረ ወንጌላዊው ሉቃስ አልጻፈም፤ በትውፊት ግን መጀመሪያ ውኃ ስትቀዳ፥ በኋላም ስትፈትል ድምፁን እንደ ሰማች ተቀብለናል። ስለዚህ የቀደሙት ሠዓሊዎቻችን ብሥራቱን ሲሥሉ እንዝርት ያስይዟታል። ከባሕር ማዶ በመጡት የሕትመት ሥዕሎች በእንዝርቱ ፈንታ መጽሐፍ ገብቷል። መጽሐፍ ማንበቧን የሚክድ የለም፤ ነገር ግን እንዝርቱን ከእጇ መንጠቅ ለምን እንዳስፈለገ አልገባንም።

ሠዓሊዎቻችን የሣሉት እንዝርት ከገሊላ የመጣ አይደለም፤ በየቤታቸው ያዩት የእናቶቻቸው እንዝርት ነው። ጥጡ በብረት መዳመጫ ከፍሬው ይለያል፤ በደጋን ይነደፋል፤ ባዘቶ ይሆናል። ፈታዪቱም እንዝርቷን በጭኗ ላይ በመዳፏ አሽከርክራ ትለቃታለች፤ በሌላው እጇ ጥጡን ቀስ አድርጋ ትስባለች። ድር የሚሆነው ቀጭንና ጠንካራ ሆኖ ይከረራል፤ ማግ የሚሆነው ለስለስ ይላል። ዛሬ ድሩ ከፋብሪካ ይገዛል፤ ማጉ ግን በብዙ ቤት አሁንም ከእንዝርት ይወርዳል። ይህ ሥራ ጥድፊያን አይወድም፤ ልብ ሌላ ቦታ ከሄደ ክሩ ይበጠሳል ወይም ይጐለድፋል።

በአገራችን የወይዘሮ ልጅም ብትሆን መፍተል ሙያ ነው ተብሎ ትመሰገናለች። ያንኑ ክር ተቀብሎ የሚሸምነው ሰው ግን ሲናቅ ኖረ። ፈትሉን አክብሮ ሸማኔውን መስደብ፥ ሸማውንም ለብሶ ቤተ ክርስቲያን መሳለም እንዴት ያለ ነገር ነው? ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጆችን መስደብን በዐዋጅ ከለከሉ፤ ስድቡ ግን ከዐዋጁ በኋላም ብዙ ቈየ። ከአዳማ በስተ ደቡብ ባለው በዝዋይ ሐይቅ ደሴቶች ዛዮች ታቦትና መጻሕፍት ጠብቀው፥ ዓሣ እያሰገሩና እየሸመኑ ኖረዋል፤ መቅደስን መጠበቅና ሸማ መሥራት አልተጣሉባቸውም። በ5ኛው መቶ ዓመት ኋላ የቍስጥንጥንያ ሊቀ ጳጳሳት የሆነው አብሮቅሎስ፥ ቃል ሥጋን የተዋሐደበትን የእመቤታችንን ማሕፀን በሸማኔ ዕቃ መስሎ አስተምሯል። ሥራው የተናቀ ቢሆን ኖሮ ሊቁ ለዚህ ምሥጢር ምሳሌ ባላደረገው ነበር።

ወደ ታሪኳ እንመለስ። ከብሥራቱ በኋላ ወደ ዘመዷ ወደ ኤልሳቤጥ ሄደች፤ በቤተ ልሔምም ልጇን ወልዳ በጨርቅ ጠቀለለችው። ወደ ግብጽ ተሰደደች፤ በናዝሬትም አሳደገችው። በተሰቀለ ጊዜ ወታደሮቹ ዕጣ የተጣጣሉበት ልብሱ ከላይ እስከ ታች ያለ ስፌት የተሠራ ነበር፤ ይህንም የእናቱ እጅ ሥራ ነው የሚሉ አሉ። በዚያው ሰዓት የቤተ መቅደሱ መጋረጃ ለሁለት ተቀደደ። በልጅነቷ ለመጋረጃ የፈተለች እናት በመስቀሉ አጠገብ ቆማ ነበር።

ከዚህ በኋላ በዮሐንስ ቤት 16 ዓመት ኖራ በ64 ዓመቷ ጥር 21 ቀን ዐረፈች። ባረገችም ጊዜ ቶማስ በመንገድ አግኝቷት የተገነዘችበትን ሰበን ሰጠችው። ሐዋርያትም ያንን ጨርቅ ለበረከት ተካፍለው ወደየአገራቸው ሄዱ፤ ዛሬ ዲያቆናት በሚይዙት መስቀል ላይ የሚታሰረው ጨርቅ የዚያ መታሰቢያ ነው።