ከእስር ቤት ሆኖ ሚኒስትሩን የረታው ጆን ዊልክስ

የጆን ዊልክስ አባት በለንደን ከተማ አረቄ የሚያወጣ ሰው ነበር። ልጁ በ1757 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝ ፓርላማ አባል ሆነ። ጠባዩን የሚያመሰግን ጥቂት ነው፤ ባለ ዕዳ፣ ሴት አውል፣ ምላሱም የማያርፍ ነበር።

በሚያዝያ 1763 ኖርዝ ብሪተን በተባለው ጋዜጣው 45ኛ ቁጥር የንጉሡን ንግግር ነቀፈ። ሚኒስትሩ ሎርድ ሃሊፋክስ የማንም ስም ያልተጻፈበት የማሰሪያ ትእዛዝ አወጣ። በዚያች አንዲት ወረቀት 49 ሰዎች ተያዙ፤ የዊልክስም ቤት ተበርብሮ ጽሑፉ ሁሉ ተወሰደ። እሱ ከሳምንት በኋላ በፍርድ ቤት ተለቀቀና ሹማምንቱን ከሰሰ፤ በዚያው ዓመት የሚኒስትሩ ረዳት ሮበርት ውድ 1,000 ፓውንድ እንዲከፍል ተፈረደበት።

ሃሊፋክስ ግን ቀጠሮ እያራዘመ ቆየ። በ1764 ዊልክስ ፈረንሳይ አገር ሳለ፣ በሌለበት፣ በዚሁ ጽሑፍና በአንድ ጸያፍ ግጥም ጥፋተኛ ተባለ፤ ቀጥሎም ከሕግ ጥበቃ ውጭ ተደረገ። እንዲህ ያለ ሰው ክስ ማቅረብ አይችልምና ለሚኒስትሩ ተመቸው።

በ1768 ዊልክስ ተመለሰ። ከሕግ ውጭ ያደረገው ፍርድ ተሻረለት፤ ስለ ጽሑፎቹ ግን 22 ወር እስራትና 1,000 ፓውንድ መቀጮ ተቀበለ። ወንጀለኛ የተባለ ሰው ያለ አግባብ ተያዝሁ ሊል አይገባውም የሚሉ ጓደኞች በመካከላችን አሉ። የለንደን ፈራጆች እንዲህ አላሰቡም፤ ወንጀሉን ለብቻ፣ የተያዘበትን መንገድ ለብቻ አዩት። በኅዳር 1769 ዊልክስ ገና እስረኛ ሳለ፣ ሃሊፋክስ 4,000 ፓውንድ ካሣ እንዲከፍለው ፈረዱ። የጠየቀው ግን 20,000 ነበር።

በ1770 ተፈታ፤ በ1774 የለንደን ከንቲባ ሆነ፤ በ1797 ሞተ።