ርብቃ ላንስፊልድ፦ ከጉሮሮ ቁስለት እስከ ልብ ቫልቭ

በሐዋሳ ከተማ የሚገኙ ተማሪዎችን ጉሮሮ የመረመረ አንድ ጥናት በ2019 ታትሟል (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው)። አጥኚዎቹ ይፈልጉ የነበረው፣ ልጆቹ አንዳች የሕመም ስሜት ሳይኖራቸው በጉሮሯቸው ተሸክመውት የሚኖሩትን ስትሬፕቶኮከስ ፓዮጂንስ የተባለውን ባክቴሪያ ነበር። በማይክሮባዮሎጂ ቤተ ሙከራ ይህ ባክቴሪያ ከሙሉ ስሙ ይልቅ ቡድን ኤ ስትሬፕቶኮከስ በሚለው መጠሪያ ይታወቃል። ፊደሉን በመዝገብ ላይ የምንጽፍ ሰዎች ከየት እንደመጣ ቆም ብለን የምንጠይቅበት ጊዜ ጥቂት ነው። ከፊደሉ ጀርባ ግን ስልሳ ዓመት ያህል ይህንኑ ባክቴሪያ ሲከታተሉ የኖሩ የአንዲት ሴት ሕይወት አለ።

ነገሩ ለእኛ የሩቅ ታሪክ አይደለም። በ2015 የታተመና በጅማና በደቡብ አፍሪካዋ ኬፕ ታውን ጤነኛ የሚመስሉ ተማሪዎችን በልብ አልትራሳውንድ የመረመረ ጥናት፣ በጅማ ከ1000 ተማሪዎች ውስጥ ወደ 30 በሚጠጉት ላይ የሩማቲክ የልብ ሕመም ምልክት አግኝቷል። ሕመሙ የሚጀምረው ቤተሰብ ቶንሲል ነው ብሎ ከሚያልፈው፣ አንዳንዴም እንጥል በማስቆረጥ ይድናል ብሎ ከሚያምነው የጉሮሮ ቁስለት ነው። ቁስለቱ ካለፈ ከሁለትና ሦስት ሳምንት በኋላ፣ ሰውነት ባክቴሪያውን ሊዋጋ ያዘጋጀው የመከላከያ ኃይል ባክቴሪያውን በሚመስሉ የገዛ ራሱ ሕብረ ሕዋሳት ላይ ይዞራል። ትኩሳት ይነሣል፤ መገጣጠሚያ ያብጣል። የመገጣጠሚያው እብጠት ጠባሳ ሳይተው ያልፋል፤ በልብ ቫልቭ ላይ ያረፈው ጉዳት ግን ሊቀር ይችላል። ጥቃቱ በተደጋገመ ቁጥር ቫልቩ ይወፍራል፣ ይጠብባል፣ ወይም መግጠም አቅቶት ደም ወደኋላ ያፈሳል። ከመቶ ዓመት በፊት ሐኪሞች ይህን የጉዳት መልክ በሚገባ ያውቁት ነበር፤ ያላወቁት አድራጊውን ነበር።

ርብቃ ክሬግሂል በጃንዋሪ 5 ቀን 1895 በኒው ዮርክ፣ ስታተን አይላንድ በሚገኘው ፎርት ዋድስወርዝ የጦር ሰፈር ተወለዱ። አባታቸው የጦር መኮንን ነበሩ። በዌልስሊ ኮሌጅ ትምህርታቸውን የጀመሩት በቋንቋና ሥነ ጽሑፍ ሲሆን፣ ወደ ሥነ እንስሳት የተዛወሩት አብራቸው የምትኖረው ተማሪ የምትወስደው ኮርስ ስቧቸው ነው። በ1916 ተመርቀው በቨርሞንት ግዛት በአንድ የሴቶች አዳሪ ትምህርት ቤት አንድ ዓመት ሒሳብና ሳይንስ አስተማሩ። ቀጥሎ ለጦር መኮንኖች ሴት ልጆች የሚሰጥ አነስተኛ የትምህርት ድጎማ አገኙ። ድጎማው የተሰጠው በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የመምህራን ኮሌጅ እንዲማሩ ነበር፤ እርሳቸው ግን በዚያ ተመዝግበው ኮርሶቻቸውን በሐንስ ዚንሰር የባክቴሪያ ጥናት ክፍል ወሰዱ። በ1918 የማስተርስ ዲግሪያቸውን አገኙ፤ በዚያው ዓመትም የዘር ውርስ ተመራማሪውን ዶናልድ ላንስፊልድን አገቡ።

በዚያው 1918 በሮክፌለር የሕክምና ምርምር ተቋም በኦስዋልድ አቨሪና በአልፎንስ ዶሼ ሥር በቴክኒክ ረዳትነት ተቀጠሩ። ጊዜው የአንደኛው የዓለም ጦርነት ነበር። በቴክሳስ የጦር ካምፖች ኩፍኝ የያዛቸውን ወታደሮች ስትሬፕቶኮከስ በሳንባ ምች መልክ እየተከታተለ ይገድል ነበር። ከካምፖቹ የተሰበሰቡ 125 ዝርያዎች ወደ ኒው ዮርክ መጡ። ሁሉም አንድ ዓይነት ናቸው ወይስ የተለያዩ? በማጉሊያ መነጽር ሲታዩ ሁሉም በሰንሰለት የተደረደሩ ክብ ነጠብጣቦች ናቸው፤ በደም በተዘጋጀ ማሳደጊያ ላይም ሁሉም ደሙን ያነጣሉ። ቡድኑ በእንስሳት ደም ውስጥ የተዘጋጀ ፀረ ባክቴሪያ ሴረም ተጠቅሞ አራት ዓይነቶችን ለየ፤ እነዚህ አራቱ ከዝርያዎቹ 70 በመቶውን ያቀፉ ነበሩ። ውጤቱ በ1919 ሲታተም የረዳቷም ስም ከአለቆቿ ጎን ሰፈረ።

ከዚያ በኋላ ጥቂት ዓመታት ከስትሬፕቶኮከስ ርቀው በፍራፍሬ ዝንብ የዘር ምርምርና በኦሪገን ዩኒቨርሲቲ በማስተማር አለፉ። በ1922 ወደ ኒው ዮርክ ተመልሰው የዶክትሬት ሥራቸውን በኮሎምቢያ ሲጀምሩ፣ ምርምሩን ያካሄዱት በሮክፌለር ሆስፒታል በሆሜር ስዊፍት ቤተ ሙከራ ነው። ስዊፍት የሩማቲክ ትኩሳትን የሚያጠኑ ሐኪም ነበሩ። የዚያ ዘመን ተጠርጣሪ ደግሞ ከሕሙማን ደም አልፎ አልፎ የሚገኘውና በደም ማሳደጊያ ላይ አረንጓዴ ቀለም የሚተወው ቪሪዳንስ ስትሬፕቶኮከስ ነበር። የላንስፊልድ የመመረቂያ ጥናት ጥያቄ ይህ ነው፦ ጥፋተኛው እርሱ ነውን?

መልሱ አይደለም የሚል ሆነ። አረንጓዴዎቹ ስትሬፕቶኮከሶች እርስ በርሳቸው የማይመሳሰሉ፣ በጤነኛ ሰውም አፍና ጉሮሮ የሚኖሩ ነበሩ፤ ከሩማቲክ ትኩሳት ጋር የሚያያይዛቸው የተለየ ነገር አልተገኘም። በ1925 ዶክትሬታቸውን ያገኙት በዚህ ሥራ ነው። እንደ ድኅረ ምረቃ ተማሪ ይህን የሕይወታቸውን ክፍል ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። የጠበቅነው ውጤት ሳይገኝ ሲቀር ጥናቱ የከሸፈ ይመስለናል፤ የመመረቂያ ጽሑፋችንንም ለማሳየት እናፍራለን። የእርሳቸው አይደለም የሚል መልስ ግን የሩማቲክ ትኩሳትን ምርምር ከተሳሳተ መንገድ ላይ የመለሰ ነበር፤ እርሳቸውንም ወደ ቀድሞዎቹ የቴክሳስ ዝርያዎች፣ ማለትም ደሙን ወደሚያነጡት፣ መልሶ ወሰዳቸው።

ከዚህ በኋላ ያለው ሥራ በስልት ረገድ ቀላል፣ በትዕግሥት ረገድ ከባድ ነው። ባክቴሪያውን በጥቂት አሲድ አፍልተው ከገላው የሚወጣውን ፈሳሽ ይወስዳሉ፤ ፈሳሹን ከጥንቸል ከተገኘ ሴረም ጋር ያገናኙታል፤ የሚስማሙ ከሆኑ በመስታወቱ ውስጥ ነጭ ዝቃጭ ይታያል። ሴረሙ በቀላሉ የማይገኝ በመሆኑ ኋላ ላይ ሙከራውን በጣም በቀጭን የመስታወት ቧንቧ፣ በጠብታ መጠን ማካሄድ ተለመደ። በዚህ መንገድ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ለዩ። አንዱ ከዝርያ ዝርያ የሚለያይ ፕሮቲን ሲሆን ኤም ተባለ። ሌላው በብዙ ዝርያዎች የሚጋራ የስኳር ውሕድ ነው። በ1933 ከሰው፣ ከከብት፣ ከሌሎች እንስሳት፣ ከወተትና ከአይብ የተገኙ ከመቶ የሚበልጡ ዝርያዎችን በዚህ ውሕድ መሠረት ከኤ እስከ ኢ በፊደል መደቧቸው። ከሰው ሕመም የተገኙት ከጥቂቶቹ በቀር ኤ ላይ ወደቁ፤ የጡት ሕመም ካለባቸው ላሞች የመጡት ደግሞ ቢ ላይ። በመዝገባችን የምንጽፈው ፊደል የመጣው ከዚህ ሠንጠረዥ ነው።

ፊደሉ ከወጣ በኋላ የሩማቲክ ትኩሳት ጥያቄ መልክ ያዘ፤ ከትኩሳቱ በፊት የሚቀድመው የጉሮሮ ሕመም የቡድን ኤ መሆኑን በየሆስፒታሉ ማረጋገጥ ተቻለ። ለንደን ላይ ፍሬድሪክ ግሪፊዝ በሌላ ዘዴ ተመሳሳይ ምደባ ያካሂዱ ስለነበር በሁለቱ ቤተ ሙከራዎች መካከል የዝርያ ልውውጥም የሐሳብ ልዩነትም ነበር። (አቨሪም ግሪፊዝም ዛሬ በተማሪ ዘንድ የሚታወቁት በዲኤንኤ ታሪክ ነው፤ ሁለቱም በስትሬፕቶኮከስ ታሪክ ውስጥ መኖራቸው ብዙ ጊዜ ይረሳል።)

ለሕክምናው ትልቁን ትርጉም ያገኘው ኤም ፕሮቲን ነው። ባክቴሪያው ከነጭ የደም ሕዋሳት የሚያመልጠው በእርሱ ነው፤ ሰውነት የሚከላከለውም በእርሱ ላይ ፀረ እንግዳ አካል ሲያዘጋጅ ነው። ላንስፊልድ ይህ መከላከያ ለሠላሳ ዓመት ያህል በደም ውስጥ ሊቆይ እንደሚችል አሳይተዋል። ችግሩ፣ መከላከያው የሚሠራው ለያዘው ዓይነት ብቻ ነው። አንድ ልጅ ዘንድሮ ከአንዱ ዓይነት ቢድን ለከርሞ በሌላው ይታመማል። አንድ ጊዜ ሩማቲክ ትኩሳት የያዘው ልጅ ልቡ እንዳይጎዳ በመደበኛነት ፔኒሲሊን የሚወጋው ለዚህ ነው። በ1950 በዋዮሚንግ የጦር ሰፈር የተካሄደ ጥናት በወታደሮች የጉሮሮ ሕመም ላይ በጊዜ የተሰጠ ፔኒሲሊን ሩማቲክ ትኩሳትን እንደሚከላከል አሳየ። ብዙም ሳይቆይ በጡንቻ ተወግቶ ለሳምንታት የሚቆየው ቤንዛቲን ፔኒሲሊን መጣ።

ሹመትና ሽልማት ለእርሳቸው ዘግይቶ ነው የደረሰው። በተቋሙ ሙሉ ፕሮፌሰር የሆኑት በ1958፣ በስልሳ ሦስት ዓመታቸው ነው። በ1961 የአሜሪካ ኢሚዩኖሎጂስቶች ማኅበርን በፕሬዚዳንትነት የመሩ የመጀመሪያዋ ሴት ሆኑ፤ በ1970 ለብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚ ተመረጡ። በ1965 ጡረታ ቢወጡም ወደ ቤተ ሙከራው መመላለሳቸውን አላቋረጡም። ከልዩ ልዩ አገሮች የሚላኩላቸውን ዝርያዎች እየለዩ ከ6000 በላይ የሆኑትን አኖሩ። በ1980 መጨረሻ ላይ ዳሌያቸው ተሰብሮ ከሥራ ቀሩ፤ በማርች 3 ቀን 1981 አረፉ።

በ2006 በአዲስ አበባ፣ በጎንደርና በድሬዳዋ ጤነኛ ተማሪዎች ላይ የተሠራ ጥናት ከታተመ፣ ላንስፊልድ በአሲድ ያወጡትን ያንኑ ፕሮቲን የሚሠራውን ዘረ መል በማንበብ ዝርያዎቹን ለይቷል። የተገኘው የዓይነት ብዛት እጅግ ሰፊ ነበር። በሰሜን አሜሪካ በብዛት የሚታዩትን ዓይነቶች መሠረት አድርገው የተነደፉ የክትባት ሙከራዎች ለእኛ ልጆች ምን ያህል እንደሚበቁ አጠያያቂ የሚሆነው ከዚህ የተነሣ ነው፤ ፈቃድ ያገኘ ክትባትም እስካሁን የለም። የዝርያ ዓይነት መለየት ቀርቶ፣ የጉሮሮ ናሙና ወስዶ ቡድን ኤ መሆኑን ማረጋገጥ እንኳ በአብዛኞቹ ጤና ጣቢያዎቻችን የዘወትር አሠራር አይደለም። ልጁ ናሙና የሚሰጠው ከስንት አንዴ፣ ተመራማሪ ወደ ትምህርት ቤቱ ሲመጣ ነው።