አቡነ ያዕቆብ በእስራትና በስደት ዘመን

በሀገራችን ካቶሊካውያን ምእመናን ዘንድ ቅዱስ ዩስጢኖስ ደ ያቆቢስ የሚታወቁት አቡነ ያዕቆብ በሚለው ስም ነው። ስለ ትሕትናቸውና ስለ ፍቅራቸው ብዙ ተነግሯል፤ እኛም ከዚህ ቀደም በስብከት ሰምተነዋል። በዚህ እትም ልናወሳ የወደድነው ግን ብዙውን ጊዜ በአጭሩ የሚታለፈውን፣ በአደጋ መካከል ሳሉ በእግዚአብሔር ላይ የነበራቸውን መታመን ነው። ለዚህ ያነሣሣን ካቴኪስቶች ደጋግመው የሚያቀርቡልን አንድ ጥያቄ ነው። በእግዚአብሔር የታመነ ከመከራ ይድናል ብለን እናስተምራለን፤ ታምኖ ሳለ ከእስር ሳይፈታ የሞተውንስ ምን እንላለን? የአቡነ ያዕቆብ ሕይወት ይህን ጥያቄ አይሸሽም። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።)

ዩስጢኖስ በደቡብ ኢጣልያ ሳን ፌሌ በተባለች የተራራ ከተማ በጥቅምት ወር 1800 ዓ.ም. ተወለዱ። ከ14 ልጆች ሰባተኛው ነበሩ። በ1818 ዓ.ም. በናፖሊ ወደ ቅዱስ ቪንሰንት ደ ፖል ማኅበር ገቡ፤ በ1824 ዓ.ም. ማዕርገ ክህነት ተቀበሉ። በ1836ና በ1837 ዓ.ም. ናፖሊን የኮሌራ ወረርሽኝ በመታት ጊዜ ከበሽተኞች አልራቁም። ሞትን በቅርብ ማየት የጀመሩት እንግዲህ ወደ እኛ ሀገር ከመምጣታቸው በፊት ነው።

በ1839 ዓ.ም. ሐዋርያዊ ልኡክ ሆነው በምፅዋ በኩል ዓድዋ ገቡ። እንደ ባላገሩ እየበሉ፣ እንደ መነኮሳቱ እየለበሱ ግእዝን፣ አማርኛንና ትግርኛን ተማሩ። ሀገሩ ለውጭ ሰው፣ ይልቁንም ለካቶሊክ ካህን፣ የሚመች አልነበረም። በሱስንዮስ ዘመን የነበረው ደም መፋሰስ ከሕዝቡ ልብ አልጠፋም፤ ይህም ያለ ምክንያት አልነበረም። እሳቸውም ይህን አውቀው የመጀመሪያውን ጊዜ ክርክርን በመሸሽና ሰውን በማክበር አሳለፉት። የትግራዩ ገዥ ደጃዝማች ውቤ ከግብጽ ጳጳስ የሚያመጡ መልእክተኞችን በላኩ ጊዜ አብረዋቸው እንዲሄዱ ጠየቋቸው። እሳቸውም መልእክተኞቹ ሮምንም እንዲጎበኙ ተስማምተው በ1841 ዓ.ም. ተጓዙ። ከተጓዦቹ መካከል በጎጃም የተወለዱት፣ በልጅነታቸው አንድ ዓይናቸውን ያጡት ሊቅ መነኩሴ አባ ገብረ ሚካኤል ነበሩ። አባ ገብረ ሚካኤል በመጀመሪያ አቡነ ያዕቆብን በጥርጣሬ ያዩ ነበር። ከረዥም ምርምርና ጸሎት በኋላ ግን በ1844 ዓ.ም. የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን አባል ሆኑ። የሁለቱ ታሪክ ከዚያ ወዲህ ተለያይቶ አይነገርም።

በዚያው ጉዞ ከግብጽ ለኢትዮጵያ የተሾሙት ወጣቱ ጳጳስ አቡነ ሰላማ ለካቶሊካውያን ብርቱ ተቃዋሚ ሆኑ። አቡነ ያዕቆብ በአጋሜ፣ ጓላ ላይ የመሠረቱት የዘርአ ክህነት ትምህርት ቤት ዕረፍት አላገኘም፤ ተማሪዎቹም መምህራቸውም ተሰደዱ። ጵጵስናውን ሳይቀር የተቀበሉት ተደብቀው ነው። ለረዥም ጊዜ አይገባኝም ብለው ሲያመነቱ ቆይተው በጥር 1849 ዓ.ም. ምፅዋ ላይ፣ በሌሊት፣ በምስጢር፣ ራሳቸው ስደተኛ በነበሩት በካፑቺኑ አቡነ ማስያስ እጅ ተቀቡ። ካቴድራልም ሕዝብም በሌለበት የተፈጸመ ሢመት ነው። ከዚያ በኋላም የሀገሩን ልጆች በግእዝ ሥርዓት እያስተማሩ ካህናት አድርገው ሾሟቸው፤ እንደ እኛ አስተያየት ከሥራቸው ሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው።

ወደ ዋናው ነገር እንመለስ። በ1854 ዓ.ም. ደጃዝማች ካሣ፣ በኋላ አፄ ቴዎድሮስ፣ ሀገሩን አንድ ለማድረግ በተነሡ ጊዜ ከአቡነ ሰላማ ጋር ተስማሙ። የስምምነቱ አንዱ ፍሬ በካቶሊካውያን ላይ የወረደው ስደት ነው። በዚያው ዓመት በክረምቱ አቡነ ያዕቆብ በጎንደር ተያዙ፤ አባ ገብረ ሚካኤልና ጓደኞቻቸውም ታሰሩ። መምህሩን ከልጆቻቸው ለይተው ለብቻቸው አኖሯቸው። በልጆቹ እግር ላይ ግንድ ገባ። ግንድ ምን እንደሆነ ለማያውቁ ወጣት አንባቢዎቻችን ለመግለጽ ያህል፣ የተበሳ ከባድ እንጨት ነው፤ እግር በቀዳዳው ከገባ በኋላ መራመድ ቀርቶ በምቾት መተኛት እንኳ አይቻልም። እምነታቸውን እንዲክዱ ተጠየቁ፤ ተገረፉ።

አቡነ ያዕቆብ ወራት ከታሰሩ በኋላ ከሀገር እንዲወጡ ተደረገ። እስራቱ ለእሳቸው በዚህ አበቃ። ከብዙ ድካም በኋላ ወደ ባሕሩ ጠረፍ፣ ወደ ቀሩት ምእመናኖቻቸው ደረሱ። እግዚአብሔር አዳናቸው እንላለን፤ ማለታችንም ትክክል ነው። አባ ገብረ ሚካኤል ግን አልተፈቱም። በ1855 ዓ.ም. በንጉሡ ፊት ቀርበው እምነታቸውን አልክድም ስላሉ ሞት ተፈረደባቸው። የእንግሊዙ ቆንስል ፕላውደንና ሌሎች በችሎቱ የተገኙ ሰዎች ስለማለዱላቸው ፍርዱ ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ተለወጠ። የተለወጠው ፍርድ ከመጀመሪያው ይቀልላል ለማለት እንቸገራለን። ከ60 ዓመት በላይ የሆናቸው ሽማግሌ በሰንሰለት ታስረው ከሚዘምተው ሠራዊት ጋር ተጎተቱ፤ በዚያው ዓመት ክረምት በጉዞው መካከል ደክመው ዐረፉ፤ ከእነ እስራታቸው ሞቱ። የተቀበሩትም በመንገድ ዳር ነው።

ሁለቱም ይጸልዩ ነበር። ሁለቱም በአንድ አምላክ ታመኑ። የአንዱ እምነት ከሌላው ስላነሰ ነው ብሎ የሚናገር ቢኖር ቤተ ክርስቲያን አትቀበለውም፤ እንዲያውም ደቀ መዝሙሩን ከመምህሩ 13 ዓመት አስቀድማ፣ በ1926 ዓ.ም. ብፁዕ ብላ ሰይማቸዋለች። መጽሐፍ ቅዱስም ይህን ዓይነቱን ነገር አይሸፍንም። የሐዋርያት ሥራን 12ኛ ምዕራፍ የሚከፍት ሰው መልአኩ ጴጥሮስን ከወኅኒ ሲያወጣው ያነባል፤ ነገር ግን በዚያው ምዕራፍ መጀመሪያ ያዕቆብ በሰይፍ ተገድሏል። ያቺው ቤተ ክርስቲያን፣ ያው ንጉሥ፣ ያው ሰሞን ነው። ሉቃስ ልዩነቱን ሊያብራራ አይሞክርም። እኛም ለተማሪዎቻችን ስለ ጴጥሮስ ብቻ ነግረን ያዕቆብን ብናልፈው፣ መከራ በመጣባቸው ቀን ባዶ እጃቸውን እንተዋቸዋለን። ለአቡነ ያዕቆብ መታመን ማለት ከእስር እንደሚወጡ እርግጠኛ መሆን አልነበረም፤ ቢወጡም ባይወጡም በማን እጅ እንዳሉ ማወቅ ነበር። ነጻ ወጥተው ልጃቸው በሰንሰለት ሲሞት መስማት ከግንዱ የማያንስ መከራ እንደነበረም እናስባለን።

በነገራችን ላይ አሳዳጆቹን ለመክሰስ ይህን አልጻፍንም። አቡነ ሰላማ ራሳቸው ከአፄ ቴዎድሮስ ጋር ተጣልተው በ1867 ዓ.ም. መቅደላ ላይ እስረኛ ሆነው እንደሞቱ ታሪክ ይመሰክራል። ይህን ስናነብ ልንጸልይላቸው እንጂ ልንደሰት አይገባንም፤ የዛሬዎቹ ኦርቶዶክሳውያን ወንድሞቻችንም በዚያ ዘመን ቁርሾ አይጠየቁም።

አቡነ ያዕቆብ ከ1854ቱ እስራት በኋላ ወደ ሀገራቸው ሊመለሱ ይችሉ ነበር። አልተመለሱም። በአከለ ጉዛይ ከሐላይና ከሄቦ፣ በጠረፉም ከእምኩሉ ሳይርቁ የተበተኑትን ካህናትና ምእመናን ያጽናኑ ነበር። በ1860 ዓ.ም. አንድ የፈረንሳይ መልእክተኛ ከአፄ ቴዎድሮስ ተቃዋሚ ከንጉሤ ጋር ለመነጋገር ሐላይ በመጣ ጊዜ፣ እሳቸውም በዚሁ ሰበብ ተይዘው ለሦስት ሳምንታት ያህል ታሰሩ። ከዚህኛውም እስር ወጡ፤ ጤናቸው ግን አልተመለሰም።

በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር መጨረሻ፣ ትኩሳት እያቃጠላቸው ከእምኩሉ ወደ ሐላይ ደጋ ጉዞ ጀመሩ፤ የቆላው ሙቀት እንደማይለቃቸው ያውቁ ነበር። ዓሊገዴ በተባለው ሸለቆ ከዚያ በላይ መጓዝ አቃታቸው። አብረዋቸው የነበሩትን ካህናትና መነኮሳት ሰብስበው መከሯቸው፤ ይቅርታ ጠየቋቸው፤ ባረኳቸው። ቅብዓ ቅዱስ ተቀብለው፣ ድንጋይ ተንተርሰው፣ መሬት ላይ እንደተጋደሙ ሐምሌ 31 ቀን 1860 ዓ.ም. ዐረፉ። ዕድሜያቸው 60 ሊሞላ ጥቂት ወራት ቀርተውት ነበር።

ልጆቻቸው ሥጋቸውን ተሸክመው ወደ ሄቦ ወሰዱት፤ በዚያም ቀበሯቸው። ቤተ ክርስቲያን በ1939 ዓ.ም. ብፅዕናቸውን፣ ጥቅምት 26 ቀን 1975 ዓ.ም. በር.ሊ.ጳ. ጳውሎስ 6ኛ ዘመን ቅድስናቸውን አወጀች። ሄቦ እስከ ዛሬ የመንፈሳዊ ንግደት ቦታ ናት።