ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክና የተራራው መንገድ

ስለ ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ብዙ መጻፉን አውቃለሁ። የዓድዋን ድል ከእኔ የተሻሉ ሊቃውንት ጽፈውታልና እኔ በዚህ በትምህርት ቤታችን መጽሔት ላይ ልናገር ያሰብኩት ስለ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይኸውም የንጉሠ ነገሥቱ ሕይወት ከመንገድና ከአውቶሞቢል ጋራ የተገናኘበትን ነው። ወደዚህ ሐሳብ የመራኝ ግን መጽሐፍ ሳይሆን ጭቃ ነው።

ባለፈው ዓመት በነሐሴ ወር አጎቴ የገዟትን መኪና ሊያሳዩን ወደ ቤታችን መጡ። ቤታችን መካኒሳ ነው፤ ከአስፋልቱ ተገንጥሎ ወደ ወንዙ በሚወርደው መንገድ ላይ። መኪናዋ ከመሬት ዝቅ ያለች፣ ሞተርዋ እጅግ ኃይለኛ የሆነ፣ በኋላ ጎማዋ የምትገፋ የእሽቅድምድም ዓይነት ናት። ስትመጣ ደኅና ወረደች። ማታ ዝናቡ አባርቶ ልትመለስ ስትል ግን ዳገቱ መካከል ላይ ጭቃው ያዛት። አጎቴ ቤንዚን በጨመሩ ቍጥር ጎማዎቹ ባዶአቸውን እየተሽከረከሩ ጉድጓዱን ጠለቅ አደረጉት። የሰፈሩ ልጆች ተሰብስበን ገፋን፤ ከራስ እስከ እግራችን በጭቃ ተለቀለቅን፤ መኪናዋ ግን ንቅንቅ አላለችም።

አጎቴ ወጣትነታቸውን ያሳለፉት በስዊስ አገር ነው። ሲመለሱ ካመጡት ዕቃ መካከል በበረዶ መንገድ ላይ ጎማ የሚታሰርበት ሰንሰለት ነበረ። በረዶ በሌለበት አገር ምን ሊሠራ ነው እየተባለ ስድስት ዓመት ሙሉ በዕቃ ቤታችን ከሚስማር ላይ ተሰቅሎ ሲሳቅበት ኖሯል። በዚያ ማታ አባቴ ሄደው አወረዱት፤ ልኩም እንደ ዕድል ሆኖ ከጎማዎቹ ጋራ ተስማማ። በሁለቱ የኋላ ጎማዎች ላይ ከተጠመጠመ በኋላ ብረቱ ጭቃውን እየነከሰ መኪናዋን ቀስ አድርጎ አወጣት። የሳቁት ሁሉ ዝም አሉ፤ እኔም አንዱ ነበርኩ።

አጎቴ ሻይ እየጠጡ ነገሩን አስረዱኝ። ጎማ መሬቱን ካልጨበጠ የሞተር ኃይል ከንቱ ነው፤ እንዲያውም ኃይሉ በበዛ መጠን ጎማው ቶሎ ይከዳል። ስለዚህ በበረዶ ተራራ ላይ ኃይለኛ መኪና የሚነዳ ሰው እግሩን ማለዘብ፣ ሰንሰለቱን ሞተሩ በሚያዞራቸው ጎማዎች ላይ ማሰር፣ ከ50 ኪሎ ሜትር በላይ አለመፍጠን፣ ቁልቁለት ሲወርድም በፍሬን ብቻ ሳይሆን በማርሽ መያዝ አለበት። ይህን ሰንሰለት ሃሪ ዊድ የሚባል አሜሪካዊ በ1896 ዓ.ም. በስሙ አስመዝግቦታል፤ ሐሳቡንም ያገኘው ነጂዎች ጭቃ እንዳይዛቸው በጎማቸው ላይ ገመድ ሲጠመጥሙ አይቶ ነው ይባላል። እንግዲህ ሰንሰለቱም መጀመሪያ የጭቃ ልጅ ነው ማለት ነው።

በዚያ ሌሊት አንድ ጥያቄ እንቅልፍ ነሣኝ። አስፋልት በደረሰበት ዘመን እኛ እንዲህ ከተቸገርን፣ የመጀመሪያው መኪና ወደ አዲስ አበባ እንዴት ገባ? ያስገቡትስ ንጉሥ ምን ዓይነት ሰው ነበሩ?

ምኒልክ የተራራን መንገድ ያወቁት በእግራቸውና በበቅሎ ነው። ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. በደብረ ብርሃን አጠገብ በአንጎለላ ተወለዱ። በ1848 ዓ.ም. አባታቸው ንጉሥ ኃይለ መለኮት ሲሞቱ ዐፄ ቴዎድሮስ ሸዋን ያዙና የ11 ዓመቱን ልዑል ወደ መቅደላ ወሰዱአቸው። መቅደላ ዙሪያዋ ገደል የሆነ አምባ ናት። በዚያ አሥር ዓመት ያህል ኖረው በ1857 ዓ.ም. በሌሊት አምልጠው ወረዱ፤ የወሎዋ ገዥ ወርቂቱም አሳለፉአቸውና ወደ አባታቸው አገር ገቡ። አንኮበር ላይ ሲነግሡም፣ ወደ እንጦጦ ሲዛወሩም የኖሩት በብርድና በጭጋግ መካከል፣ ጭነት በሰው ጀርባና በአጋሰስ በሚወጣበት ዳገት ላይ ነው። በ1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ሆኑ፤ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ደግሞ ያንን ሁሉ ሠራዊትና መድፍ ያለ መንገድ ይዘው ዓድዋ ደረሱ።

ሙሴ ኢልግ የሚባሉት ስዊሳዊ መሐንዲስ በ1871 ዓ.ም. መጥተው ለብዙ ዘመን አማካሪያቸው ሆኑ። ከጅቡቲ የተነሣው የምድር ባቡር በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደርሶ ቆመ። ንጉሠ ነገሥቱ ግን ባቡሩን ብቻ ሲጠብቁ አልተቀመጡም፤ ከአዲስ አበባ ወደ አዲስ ዓለም የሚሄደውን መንገድ አስጀመሩ። በ1896 ዓ.ም. ገደማ ሰርኪስ ተርዚያን የተባለው አርመናዊ ነጋዴ በእንፋሎት የሚሠራ የመንገድ መዳመጫ አመጣ። ሕዝቡ የሰርኪስ ባቡር አለው።

እዚህ ላይ ጥቂት ልቁም። ያ መዳመጫ መንገድ ለመሥራት የመጣ ሲሆን ራሱ የሚመጣበት መንገድ አልነበረውም። ከቆላው እስከ አዲስ አበባ ድረስ በየዳገቱ ገመድ ይዞ የሳበው ሕዝብ ነው። እኛ አንዲት ቀላል መኪና ገፍተን ወገባችን ሦስት ቀን ታመመ፤ እነዚያ ሰዎች ያንን የብረት ተራራ ሲስቡ ምን እንደሆኑ ማሰብ ያስጨንቃል። መዳመጫው በሰርኪስ ስም ተጠራ፤ መንገዱ በምኒልክ ስም ይነገራል፤ ገመዱን የያዙት ግን በስም አይታወቁም። አጎቴ ይህን ስል ሥልጣኔ ያለ ድካም አይመጣም ብለው ገሠጹኝ፤ አባቴ ግን ዝም ብለው አዳመጡኝ። እኔ ምኒልክን እወዳለሁ፤ ቢሆንም ሐሳቤን አልለወጥኩም።

በ1900 ዓ.ም. ቤድ ቤንትሊ የሚባል እንግሊዛዊ ከጅቡቲ የተነሣበትን ሲድሊ የተባለ መኪና ይዞ አዲስ አበባ ገባ። ጉዞው ብዙ ወራት ፈጀ። የመኪናው ኃይል 18 ፈረስ ነበረ፤ ዛሬ ይህን ያህል አንዳንድ ሞተር ብስክሌት አለው። ከዚህም በላይ አየሩ በከፍታ ስለሚሳሳ ሞተር በ1,000 ሜትር ከኃይሉ አንድ ዐሥረኛ ያህል ያጣል፤ አዲስ አበባ ሲደርስ ሩብ ያህሉ ጠፍቷል ማለት ነው። የቀረውን የሰው ጉልበት ሞላው።

ዐፄ ምኒልክ በመኪናው ተሳፈሩ። መኳንንቱ ስለ ደኅንነታቸው ቢሠጉ አይፈረድባቸውም፤ ንጉሡ ግን ፎቶግራፉንም ስልኩንም እንዲሁ በገዛ እጃቸው ሳይነኩ አላመኑም ነበር። ብዙም ሳይቆይ አርኖልድ ሆልትስ የሚባል ጀርመናዊ ሁለተኛ መኪና አመጣ። አጎቴ የነገሩኝና እኔን እጅግ ያስደነቀኝ ደግሞ ይህ ነው፤ በዚያው ዘመን በኢልግ አገር ግራውቢንደን የተባለው ተራራማ ክፍል መኪና በመንገዱ ላይ እንዳይሄድ ፈጽሞ ከልክሎ ነበር። ክልከላው ከ1892 እስከ 1917 ዓ.ም. ጸንቶ ቆየ። ዛሬ ባለ ሰንሰለት መኪናዎች በበረዶ የሚወጡበት ያ ተራራ ለአውቶሞቢል ዝግ ሳለ፣ የሸዋ ተራራ ክፍት ነበር።

አንዳንድ ሰዎች ይህን ሁሉ የንጉሥ ጨዋታ ነው ይላሉ። እኔ አይመስለኝም። ጨዋታ ቢሆን መኪናውን አስመጥተው በግቢ ውስጥ ባዞሩት ነበር፤ እርሳቸው ግን መኪናው ከመምጣቱ ዓመታት ቀደም ብለው መሬቱን ማስደልደል ጀምረዋል።

ጤናቸው ግን ያን ጊዜ ተናግቶ ነበር። በ1901 ዓ.ም. የልጃቸውን ልጅ ልጅ ኢያሱን ወራሽ አደረጉ፤ ከዚያ በኋላ ሽባነት ጸንቶባቸው ከአልጋ ዋሉ። ያን ያህል አገር በበቅሎ የዞሩ ሰው ከክፍላቸው መውጣት ተሳናቸው። ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ዐረፉ፤ ሞታቸውም ለብዙ ጊዜ ተደብቆ ቆየ። የምድር ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው።

አጎቴ ሰንሰለቱን አጥበው በዘይት ካሹት በኋላ ወደ ዕቃ ቤቱ መልሰው ሰቀሉት። ባለፈው ሳምንት ጎረቤታችን ሊዋሱት መጥተው ነበር።