የሰውን እስትንፋስ የለካው ቀራጭ

አንድ ሰው ሌሊቱን ተኝቶ አድሮ፣ ጧት ቁርስ ሳይቀምስ በአልጋው ላይ ጋደም እንዳለ ቢታይ ሥራ የፈታ ይመስላል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ልቡ ይመታል፤ ሳንባው አየር ያስገባል፣ ያስወጣል፤ ጉበቱም ኩላሊቱም አንጎሉም ሥራቸውን አላቋረጡም፤ የገላውም ሙቀት እንደ ተጠበቀ ነው። ይህ ሁሉ ማገዶ ይፈልጋል። የምግብን ነገር የሚያጠኑ ሐኪሞች አንድ ሰው በቀን ምን ያህል መብላት እንደሚገባው በትክክል ለመወሰን ሲፈልጉ አስቀድመው የሚለኩት ይህንኑ የዕረፍት ማገዶ ነው። ሰውየው 12 ሰዓት ያህል ምግብ ሳይቀምስ ይቆያል፤ ብርድም ሙቀትም በማያስቸግርበት ክፍል ውስጥ ይጋደማል፤ ፊቱ ላይ ጭንብል ይደረግለትና በየደቂቃው ስንት ኦክሲጂን እንደ ወሰደ ይቆጠራል።

ይህ አለካክ የቅርብ ጊዜ ፈጠራ ይመስላል። የተጀመረው ግን ከሁለት መቶ ዓመት በፊት በፓሪስ ከተማ፣ የንጉሡ ባሩድ ይሰናዳበት በነበረው ቅጥር ግቢ ውስጥ ነው። የጀመረውም ሰው በትምህርቱ የሕግ ባለሙያ፣ በእንጀራው ቀራጭ፣ በልቡ ግን የኬሚስትሪ ሊቅ የነበረው አንቷን ላቯዚዬ ነው። (ከዚህ በታች የሚነሡት ዓመታት ሁሉ በአውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።)

ላቯዚዬ ኦገስት 26 ቀን 1743 በፓሪስ ተወለደ። አባቱ ጠበቃ ነበር። እናቱ ገና የአምስት ዓመት ልጅ ሳለ ሞተችበት። በአባቱ ፈቃድ ሕግ ተምሮ በ1764 ቢመረቅም፣ ልቡ ያዘነበለው ወደ ድንጋይና ማዕድን፣ ወደ አየርና ውሃ ምርምር ነበር። በ1768፣ ገና 25 ዓመት ሳይሞላው፣ የፈረንሳይ የሳይንስ አካዳሚ አባል ሆኖ ተመረጠ። ለአንድ ወጣት ከዚህ የበለጠ ክብር አልነበረም።

በዚያው ዓመት ግን ሌላ ነገር አደረገ፤ በኋላ ነፍሱን ያስከፈለው ይህ ነው። በዚያ ዘመን የፈረንሳይ ንጉሥ የጨውን፣ የትምባሆንና ወደ ፓሪስ የሚገባውን ሸቀጥ ቀረጥ በራሱ ሹማምንት አያሰበስብም ነበር። ጥቂት ባለጸጎች ማኅበር ገብተው ገንዘቡን ለንጉሡ አስቀድመው ይከፍላሉ፤ በኋላም ከሕዝቡ እየሰበሰቡ ትርፉን ይካፈላሉ። በአንዳንዱ አውራጃ ሰው በዓመት የተወሰነ ጨው እንዲገዛ በሕግ ይገደድ ስለ ነበር፣ ማኅበሩን የሚወድ ድሀ አልነበረም። ላቯዚዬ ከእናቱ ባገኘው ውርስ ከዚህ ማኅበር ድርሻ ገዛ። ድርሻውን የገዛበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ ምርምር ገንዘብ ይበላል፣ እርሱም የሚዛንና የመሣሪያ ወጪውን የሚችልለት ገቢ ፈለገ። ከሦስት ዓመት በኋላ በ1771 የማኅበሩን ባልደረባ የዣክ ፖልዝን ልጅ ማሪ አንን አገባ። ሙሽራይቱ 14 ዓመት እንኳ አልሞላትም ነበር።

ይህች ልጅ ግን ለጌጥ ብቻ የተቀመጠች እመቤት ሆና አልቀረችም። ባሏ እንግሊዝኛ ስለማያውቅ እርሷ ተምራ የእንግሊዞቹን ሊቃውንት መጻሕፍት ተረጐመችለት፤ ሥዕልም ከታወቀው ሠዓሊ ከዳቪድ ተምራ የመሣሪያዎቹን ሥዕል በእጇ ነደፈች፤ ሙከራ ሲደረግም መዝገቡን የምትይዘው እርሷ ነበረች።

በ1775 ላቯዚዬ ከባሩድ ሥራ አስተዳዳሪዎች አንዱ ሆኖ ተሾመና በባሩድ ግምጃ ቤቱ ግቢ መኖሪያና ሰፊ የምርምር ክፍል ተሰጠው። ሥራ የበዛበት ሰው ጊዜውን እንዴት እንደ ከፈለ ማወቅ ለሚሻ፣ ልማዱ ይህ ነበር። ጧት ከፀሐይ መውጫ ጋር ተነሥቶ ሦስት ሰዓት ያህል በምርምር ክፍሉ ይቆያል፤ ቀኑን በቀረጡ፣ በባሩዱና በአካዳሚው ሥራ ያሳልፋል፤ ማታ ደግሞ እንደገና ሦስት ሰዓት ወደ ሚዛኑ ይመለሳል። ከሳምንቱም አንዱን ቀን ሙሉ ለሙከራ ይለያል።

ሚዛን ማለታችን ያለ ምክንያት አይደለም። የላቯዚዬ ብልሃት ሁሉ የገባውንና የወጣውን እየመዘኑ ሒሳቡን ማስተካከል ነበር፤ የሒሳብ ሹም ገቢና ወጪን እንደሚያመዛዝን ማለት ነው። ከእርሱ በፊት የነበሩ ሊቃውንት አንድ ነገር ሲቃጠል ከውስጡ የሚወጣ ረቂቅ ነገር አለ ይሉ ነበር። እርሱ ግን ድኝና ፎስፎረስ ሲቃጠሉ ክብደታቸው እንደሚጨምር በ1772 መዝኖ አሳየ። የሚጨምረውም ከአየር የሚወሰድ ነገር ነው፤ በኋላ ኦክሲጂን ብሎ ስም ያወጣለት ይኸው ነው።

ከዚህ በኋላ አሳቡ ከእሳት ወደ እንስሳ ዞረ። ሻማ ሲነድ ኦክሲጂን ይወስዳል፣ ሙቀት ይሰጣል፣ የከሰል ጋዝ ይተፋል። እንስሳም ሲተነፍስ እንዲሁ ያደርጋል። ታዲያ የሕይወት ሙቀት ነበልባል የሌለው ዝግተኛ እሳት ቢሆንስ? በ1782 እና በ1783 መካከል በነበረው ክረምት ከታላቁ የሒሳብ ሊቅ ከላፕላስ ጋር አንድ መሣሪያ አሠሩ። አንዱ በሌላው ውስጥ የተከተተ ዕቃ ሲሆን፣ በመካከሉ የጊኒ አሳማ የምትባለውን ትንሽ እንስሳ አኖሩ፤ ዙሪያዋንም በበረዶ ሞሉት። የእንስሳይቱ ሙቀት በ10 ሰዓት ውስጥ 13 አውንስ በረዶ አቀለጠ። በትንፋሿ ከወጣው ጋዝ ተነሥተው ሲያሰሉ ደግሞ ከ10 አውንስ ጥቂት የሚበልጥ መቅለጥ ነበረበት። ሁለቱ ቁጥሮች ፍጹም አልገጠሙም፤ ነገር ግን የተቀራረቡ ስለ ነበሩ እውነቱ ፈነጠቀ። እንስሳ የሚሞቀው የበላውን በዝግታ እያቃጠለ ነው።

በአንድ ነገር ግን ተሳስቷል፤ እሳቱ የሚነድደው በሳንባ ውስጥ መስሎት ነበር። ቃጠሎው በመላው አካል፣ በእያንዳንዱ ሕዋስ ውስጥ መሆኑ የታወቀው እርሱ ከሞተ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው።

አሁን ወደ ሰው እንምጣ። ፈረንሳይ በአብዮት በምትናወጥባቸው በ1789 እና በ1790 ላቯዚዬ በዚያው ክፍል ውስጥ አርማን ሴጋን የሚባለውን ወጣት ረዳቱን ወንበር ላይ አስቀምጦ፣ ፊቱን በጭንብል ሸፍኖ፣ የሚተነፍሰውን ኦክሲጂን ይለካ ጀመር። ሴጋን በፈቃዱ ራሱን ለሙከራ የሰጠ ሰው ነው። አስቀድሞ ሳይበላ፣ ሳይንቀሳቀስ፣ በሞቃት ክፍል ውስጥ ተለካ፤ በሰዓት 24 ሊትር ኦክሲጂን ወሰደ። ክፍሉ ሲቀዘቅዝ ወደ 27 ሊትር ከፍ አለ። በልቶ ምግቡ ሲፈጭ 38 ሊትር ያህል ሆነ። ከዚያም ሳይበላ በእግሩ መርገጫ እየረገጠ፣ ከሰባት ኪሎ ጥቂት የሚበልጥ ክብደት በሩብ ሰዓት ውስጥ 200 ሜትር ከፍ ከማድረግ ጋር የሚተካከል ሥራ ሠራ፤ የወሰደውም በሰዓት ሲታሰብ 63 ሊትር ደረሰ። ከምግብ በኋላ ሲሠራ ደግሞ 91 ሊትር።

ዛሬ ባለን ዕውቀት የመጀመሪያው ቁጥር ከፍ ያለ ነው፤ አንድ ጎልማሳ ወንድ በዕረፍት ላይ ሳለ በሰዓት የሚወስደው 15 ሊትር ገደማ ነው። ቅደም ተከተሉ ግን እስከ ዛሬ አልተለወጠም። ሐኪሞቹ ዛሬ ሰውየውን ጦም አሳድረው፣ አሳርፈው፣ ከብርድ ጠብቀው የሚለኩት ላቯዚዬ እነዚህን ሦስት ነገሮች አንድ በአንድ ለይቶ ስላሳየ ነው።

ላቯዚዬ በዚህ አልቆመም። ሴጋን በእግሩ የሠራው ከተለካ፣ ንግግር የሚያደርግ ሰው፣ ዜማ የሚጫወት ሙዚቀኛ፣ ጽሕፈት ቤቱ ተቀምጦ የሚያስብ ፈላስፋ የሚያወጣው ድካም እንዲሁ ሊለካ እንደሚችል አመለከተ። (በኋላ የተደረገው ልክ የሚያሳየው ማሰብ የሚጨምረው ማገዶ እጅግ ጥቂት መሆኑን ነው። ጽሕፈት ቤት የምንውል ሰዎች ማታ እርቦን የምንገባው በአንጎላችን ድካም አይመስልም።)

ከሁሉም የከበደው የሚከተለው አሳቡ ነው። ሰው በሠራ መጠን ይበልጥ የሚያቃጥል ከሆነ፣ በጉልበቱ የሚያድር ድሀ ከተቀማጩ ባለጸጋ አብልጦ መብላት ይገባዋል። በዓለም የሚታየው ግን ተቃራኒው ነው፤ ብዙ የሚያስፈልገው ጥቂት ያገኛል፣ ጥቂት የሚበቃው ደግሞ ይተርፈዋል። ላቯዚዬ ይህን በአካዳሚው ጽሑፍ ውስጥ፣ በሊትርና በዲግሪ መካከል አሰፈረው፤ መልካም ሕግ ይህን እንዲያቃናም ተስፋ አደረገ። ይህን የጻፈው ሰው ግን የጨው ቀረጥ ማኅበሩ በ1791 እስኪፈርስ ድረስ ከማኅበረተኞቹ አንዱ ነበር። ልቡ ደንዳና ነበር ለማለት አይቻልም፤ በ1788 እህል ሲጠፋ ለብሯ ከተማ እህል መግዣ ያለ ወለድ ገንዘብ ያበደረ እርሱ ነው። ቢሆንም በሚዛኑ የደረሰበት እውነትና እንጀራው እርስ በርሳቸው እንደ ተቃረኑ ኖሩ።

በአሳቡ ውስጥ ያለውን እውነት በዛሬ ቁጥር ማየት ይቻላል። በ1919 ሐሪስና ቤኔዲክት የተባሉ አሜሪካውያን የብዙ ሰዎችን ልክ ሰብስበው፣ ከክብደት፣ ከቁመትና ከዕድሜ ተነሥቶ የዕረፍትን ማገዶ የሚገምት ቀመር አወጡ። በዚህ ቀመር መሠረት 25 ዓመት የሆነው፣ 60 ኪሎ የሚመዝን፣ ቁመቱ 1 ሜትር ከ70 የሆነ ወንድ ዝም ብሎ ተጋድሞ ቢውል በቀን 1,570 ካሎሪ ገደማ ያቃጥላል። ይኸው ሰው ጸሐፊ ሆኖ ወንበር ላይ ቢውል ይህ በአንድ ተኩል ተባዝቶ 2,350 ያህል ይፈልጋል። ቀኑን ሙሉ ሲቆፍር ወይም ሸክም ሲሸከም ቢውል ግን ከእጥፍ በላይ፣ 3,300 ያህል ያስፈልገዋል። ልዩነቱ የአንድ ደኅና ምሳ ያህል ነው። ቀመሩ ግምት ስለሆነ ካንዱ ሰው ወደ ሌላው ከአሥር በመቶ በላይ ሊሳሳት ይችላል፤ በትክክል ማወቅ የሚፈልግ ዛሬም የሴጋንን ጭንብል ከማጥለቅ ሌላ መንገድ የለውም።

ሙከራው ገና ሳያልቅ ጊዜው ጨለመ። ቀራጮቹ ኮንትሮባንድ ለመከልከል በላቯዚዬ ምክር በፓሪስ ዙሪያ ያሠሩት የኬላ ግንብ ሕዝቡን እጅግ አስቆጥቶ ነበር፤ በጁላይ 1789 ብዙዎቹ የኬላ በሮች ተቃጠሉ። ማራ የተባለው የአብዮት ጋዜጠኛም ቀድሞ ስለ እሳት የጻፈውን ላቯዚዬ ስላጣጣለበት ቂም ይዞ፣ በ1791 በአደባባይ ከሰሰው። በኦገስት 1793 አካዳሚው ተዘጋ። በኖቬምበር የቀድሞዎቹ ቀራጮች ሁሉ እንዲያዙ ታዘዘ፤ ላቯዚዬም ጥቂት ቀን ከተሸሸገ በኋላ በገዛ እግሩ ሄዶ እጁን ሰጠ። ሜይ 8 ቀን 1794 ፍርድ ተሰጠና በዚያው ቀን ከ27 ባልደረቦቹ ጋር ተገደለ። አማቱ ፖልዝ ሦስተኛ፣ እርሱ አራተኛ ሆነው ወደ መቍረጫው ወጡ። ዕድሜው 50 ዓመት ነበር።

ማሪ አን በአንድ ቀን አባቷንም ባሏንም አጣች። ንብረቷ ተወረሰ፤ እርሷም ታሰረች፤ ኋላ ግን ተለቀቀችና ቤቷና መጻሕፍቷ ተመለሱላት። ላቯዚዬ በእስር ቤት ሆኖ ሲያሰናዳቸው የነበሩትን ጽሑፎች እርሷ አሳትማ ለሊቃውንት በነፃ አደለች። በ1805 ራምፎርድ የተባለውን ሌላ የሙቀት ተመራማሪ አገባች፤ ትዳሩ አልሠመረም፣ ከአራት ዓመት በኋላ ተለያዩ። በ1836 በፓሪስ ሞተች።

የእስትንፋሱን ሙከራ የሚያሳዩ ሁለት ሥዕሎች በእጇ ነድፋ ትታልናለች። በአንደኛው ሴጋን ወንበር ላይ ዐርፎ ተቀምጧል፤ በሁለተኛው እግሩ መርገጫውን ይረግጣል። ላቯዚዬ አጠገቡ ቆሞ ያዝዛል፤ ረዳቶቹ መሣሪያውን ከብበዋል። ከእነርሱ ፈንጠር ብሎ አንድ ትንሽ ጠረጴዛ አለ፤ በእርሱም ላይ ራሷን ሥላለች፣ ብዕር ይዛ ቁጥሩን ስትጽፍ።