አንቷን ዳባዲ

አንቷን ዳባዲ (ጃንዩወሪ 3 ቀን 1810 – ማርች 19 ቀን 1897) በአየርላንድ ደብሊን ከተማ የተወለደ ፈረንሳዊ ተጓዥ፣ የመሬት ልኬት አዋቂ፣ የሥነ ፈለክ ተመራማሪና የኢትዮጵያ ቋንቋዎች አጥኚ ነበር። ከ1838 እስከ 1848 ባሉት ዓመታት፣ አንዳንዴ ብቻውን አንዳንዴም ከታናሽ ወንድሙ ከአርኖ ዳባዲ ጋር፣ ከምጽዋ እስከ ካፋ ተጉዟል። በአገራችን በይበልጥ የሚታወቀው በሰበሰባቸው የብራና መጻሕፍትና በአማርኛ መዝገበ ቃላቱ ነው። ይህ ጽሑፍ ብዙ ጊዜ በሚታለፈው ሥራው ማለትም በልኬቱ ላይ ያተኩራል። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ልጅነትና የመጀመሪያ ሙከራ

አባቱ ከፈረንሳይ የባስክ አገር የመጣ ሰው ሲሆን እናቱ አየርላንዳዊት ነበረች። ቤተሰቡ አንቷን ገና ልጅ ሳለ ወደ ፈረንሳይ ተመልሶ በቱሉዝ ከተማ ተቀመጠ። ኋላ እሱ ወደ ፓሪስ ሄዶ ሕግና የተፈጥሮ ሳይንስ ተማረ።

በ1836 ታዋቂው የፊዚክስና የሥነ ፈለክ ሊቅ ፍራንሷ አራጎ ባነሳው ጥያቄ መነሻነት በፈረንሳይ የሳይንስ አካዳሚ ወደ ብራዚል ተላከ። የኮምፓስ መርፌ በቀን ውስጥ በዓይን በማይታይ መጠን ወዲያና ወዲህ ይላል፤ ጥያቄው ይህ እንቅስቃሴ ከፀሐይ ጋር ምን ግንኙነት አለው የሚል ነበር። ዳባዲ መሣሪያውን የተከለባት ኦሊንዳ ከምድር ወገብ በስተደቡብ 8 ዲግሪ ገደማ ላይ ትገኛለች። በእንዲህ ያለ ቦታ የቀትር ፀሐይ በዓመቱ አንድ ክፍል ከአናት በስተሰሜን፣ በሌላው ክፍል ደግሞ በስተደቡብ ትውላለች። ስለዚህ መሣሪያው ከቦታው ሳይነቃነቅ ፀሐይ ራሷ አቅጣጫዋን ትለውጥለታለች። የመርፌውን ንባብ አይቶ መንስኤውን ለመገመት ለሚፈልግ ሰው ከዚህ የተሻለ ቦታ ማግኘት ይከብዳል። ዳባዲ በቀሪው ዘመኑ የሠራቸው ነገሮች ሁሉ በአንድ ወይም በሌላ መንገድ ይህንኑ ይመስላሉ።

ወደ ኢትዮጵያ

ሁለቱ ወንድማማቾች ምጽዋ የደረሱት በፌብሩወሪ 1838 ነው። ከዚያም ወደ ጎንደር ወጡ። ዘመኑ ዘመነ መሳፍንት ነበር፤ አንድ መንገደኛ ከአንዱ መስፍን ግዛት ወደ ሌላው ለማለፍ ፈቃድና ሸኚ ያስፈልገው ነበር። አንቷን ብዙም ሳይቆይ የያዘው መሣሪያ ለሥራው እንደማይበቃ ስለተረዳ የተሻለ ለማምጣት ወደ ፈረንሳይ ተመልሶ በ1840 እንደገና መጣ። አርኖ በዚህ መካከል ጎጃም ገብቶ ከደጃዝማች ጎሹ ዘውዴ ጋር ተወዳጅቷል። የአርኖ ሕይወት የራሱን ጽሑፍ የሚፈልግ ነው።

ጎጃም ለአንቷን መነሻና መመለሻ ሆነችለት። የባሶ ገበያ የእናርያና የጉድሩ ነጋዴዎች አባይን ተሻግረው የሚመጡበት ስለነበር፣ ስለ ደቡቡ አገር ወሬ የሚገኘውም ወደዚያ የሚሄድ ሲራራ የሚነሣውም ከዚያ ነበር። በ1843 አባይን ተሻግሮ በጉድሩ በኩል ወደ ሊሙ እናርያ ሄደ፤ የእናርያው ንጉሥ አባ ባጊቦ ወደ ካፋ ከላካቸው ሰዎች ጋርም ቦንጋ ድረስ ዘለቀ። በ1844 ወደ ጎጃም ተመለሰ።

ከማዕዘን ወደ ቦታ

ካርታ መሥራት ሲባል ቦታን መለካት ይመስለናል። ነገር ግን አንድ ተራራ የት እንዳለ በቀጥታ የሚለካ መሣሪያ በዚያ ዘመን አልነበረም። ዳባዲ ቴዎዶላይቱን ተክሎ ማንበብ የሚችለው ማዕዘን ብቻ ነው፤ ተራራው ከሰሜን ስንት ዲግሪ ወደ ጎን እንደሚገኝና ጫፉ ከአግድም መስመር ስንት ዲግሪ ከፍ ወይም ዝቅ እንደሚል። የተራራው ቦታ መንስኤ፣ ማዕዘኑ ደግሞ ውጤት ነው። በኮምፒውተር ትምህርት ቋንቋ ብንናገር፣ ውጤቱ በእጁ አለ፤ የሚፈልገው ግብዓቱን ነው።

ለአንድ ተራራ ሦስት የማይታወቁ ቁጥሮች አሉ፦ ኬክሮስ፣ ኬንትሮስና ከፍታ። ከአንድ ጣቢያ ሲታይ የሚገኙት ሁለት ቁጥሮች ብቻ ስለሆኑ አይበቃም። ከሁለት ጣቢያዎች ሲታይ አራት ቁጥሮች ይገኛሉ፤ አንድ ይተርፋል። ያ ትርፍ ብክነት አይደለም። ስህተት ካለ የሚያጋልጠው እሱ ነው፤ ሦስተኛ ጣቢያ ሲጨመር ደግሞ የትኛው ንባብ እንደተሳሳተ መለየት ይጀመራል። ዳባዲ ከፍ ያለ ቦታ ባገኘ ቁጥር ቆሞ አድማሱን ዙሪያውን የሚታዩትን ተራሮች ሁሉ ያነብ የነበረው ለዚህ ነው።

ጣቢያውን መምረጥም ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ከ50 ኪሎ ሜትር ርቀት የአንድ ደቂቃ ስህተት (የዲግሪ አንድ ስልሳኛ) ወደ ጎን 15 ሜትር ገደማ ያሳስታል። ሁለቱ የእይታ መስመሮች በደንብ ተሻግረው ከተቆራረጡ ጉዳቱ በዚያው ይቀራል። ጣቢያዎቹ ተቀራርበው መስመሮቹ በ5 ዲግሪ ብቻ ከተቆራረጡ ግን ያው 15 ሜትር ከአሥር እጥፍ በላይ ያድጋል። ለምሳሌ የጮቄን ጫፍ በጎጃም በኩል ከተጠጋጉ ሁለት ኮረብታዎች ከማየት፣ አንዱን ንባብ ከጎጃም ሌላውን ከአባይ ማዶ መውሰድ ይሻላል። መሣሪያው አንድ ነው፤ ልዩነቱን የሚያመጣው የት እንደቆመ ነው።

የአውሮፓ ቀያሾች ሥራቸውን የሚጀምሩት ሜዳ ላይ ብዙ ኪሎ ሜትር በዘንግ ወይም በሰንሰለት እየለኩ ነበር። ከነጋዴ ጋር ለሚጓዝና ነገ የት እንደሚያድር ለማያውቅ ሰው ይህ የማይታሰብ ነው። ዳባዲ ፈጣን የመሬት ልኬት ብሎ የጠራው ዘዴ ይህን ችግር በሰማይ በኩል ዞሮ አለፈው። እርስ በርስ የሚተያዩ ሁለት ከፍታዎችን ይመርጣል፤ የእያንዳንዳቸውን ኬክሮስ ከፀሐይ ወይም ከከዋክብት ያገኛል፤ ከአንዱ ሆኖ የሌላውን አቅጣጫ ያነባል። አንድ የኬክሮስ ዲግሪ 111 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ የሁለቱ ቦታዎች የኬክሮስ ልዩነትና አቅጣጫው ከታወቁ በመካከላቸው ያለው ርቀት በሒሳብ ይወጣል። አንድም ሰንሰለት መሬት ላይ አልተዘረጋም። ዘዴው የራሱ ድክመት አለው፤ ሁለቱ ከፍታዎች ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ከተሰለፉ የኬክሮስ ልዩነታቸው እጅግ ትንሽ ስለሚሆን ርቀቱን ማውጣት አይቻልም። ስለዚህ ወደ ሰሜንና ደቡብ የተራራቁ ጥንዶች መመረጥ ነበረባቸው።

የፈላ ውሃና ከፍታ

ሌላው መሣሪያው ቴርሞሜትር ነበር። ውሃ ከፍታ ሲጨምር በዝቅተኛ ሙቀት ይፈላል፤ በደጋው አገር ሽሮ ቶሎ የማይበስለውም በዚህ ምክንያት ነው። በግምት በየ300 ሜትሩ 1 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀንሳል። ፍኖተ ሰላም ከባሕር ወለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውሃ በ94 ዲግሪ አካባቢ ይፈላባታል፤ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው በቡሬ 93 ዲግሪ አካባቢ ይሆናል። ከ4,000 ሜትር በላይ በሆነው ጮቄ ላይ ወደ 87 ዲግሪ ይወርዳል። ስለዚህ ድስት ጥዶ ሙቀቱን ያነበበ ሰው ከፍታውን ወደ ኋላ ሊያሰላ ይችላል።

ይሁን እንጂ የአንድ ዲግሪ አንድ አሥረኛ ስህተት 30 ሜትር ያህል ያሳስታል። የአየሩ ጠባይ ሲለዋወጥ የአየር ግፊቱም ትንሽ ስለሚለዋወጥ በዚያው ቦታ በሌላ ቀን የሚገኘው ንባብ ይለያል። የቴርሞሜትሩ ብርጭቆም ከጊዜ ብዛት ዜሮውን ይስታል። በፈላ ውሃና በቴዎዶላይት የተገኙት ከፍታዎች ሲነጻጸሩ የሁለቱ ስህተት ከየራሱ ምክንያት ስለሚመጣ አንዱ ሌላውን ይመሰክርበታል። አንድን መሣሪያ መቶ ጊዜ ከማንበብ በሁለት የተለያዩ መሣሪያዎች ማንበብ የሚበልጥበት ምክንያት ይኸው ነው።

የነጭ አባይ ምንጭ ክርክር

የሰከላው ግሽ አባይ የጥቁር አባይ ምንጭ መሆኑ አስቀድሞ የታወቀ ነበር፤ ፔድሮ ፓኤዝ በ1618፣ ጄምስ ብሩስ በ1770 አይተውታል። አውሮፓን ያስጨነቀው የነጭ አባይ ምንጭ ነበር። ዳባዲ ከእናርያ በኩል የሚነሣው የጊቤ ወንዝ ዞሮ ወደ ነጭ አባይ ይገባል ብሎ አመነ። ከአርኖ ጋር እንደገና ወደ እናርያ ወርዶ ጃንዩወሪ 19 ቀን 1846 የጊቤን ምንጭ አገኙ፤ የአባይን ዋና ምንጭ አገኘን ብለውም ለዓለም አሳወቁ።

እዚህ ላይ የዳባዲ ጥንካሬና ድክመት ጎን ለጎን ይታያሉ። የምንጩን ቦታ ለመወሰን የተጠቀመበት ዘዴ የተጠነቀቀ ነው። ነገር ግን የምንጩ ቦታ ምንም ያህል በትክክል ቢታወቅ ወንዙ ወዴት እንደሚፈስ አይናገርም። ጊቤ ወደ ነጭ አባይ ቢገባም፣ ወደ ሌላ ሐይቅ ቢወርድም፣ እናርያ ላይ የቆመው ቴዎዶላይት የሚያነበው ያንኑ ማዕዘን ነው። ሁለቱን ሐሳቦች የሚለየው ልኬት ያለው ታች ቆላው ውስጥ ነበር፤ ወደዚያ ደግሞ አልሄደም። የታችኛውን ጉዞ የሞላው በወሬና በግምት ነው። ለእኔ እንደሚመስለኝ ከሙሉ ሥራው ውስጥ ለተማሪ የሚጠቅመው ትልቁ ስህተት ይህ ነው።

ከ1841 እስከ 1843 በጎጃም ተቀምጦ የነበረው እንግሊዛዊው ቻርልስ ቤክ ይህን ድምዳሜ አጥብቆ ተቃወመ። ክርክሩ በዚህ ቢቆም መልካም ነበር። ቤክ ግን አልፎ ሄዶ ዳባዲ ከነጭራሹ ካፋ አልደረሰም ሲል በ1850 ጽሑፍ አሳተመ። በዚያው ዓመት የፓሪስ የጂኦግራፊ ማኅበር ለወንድማማቾቹ የወርቅ ሜዳሊያ ሲሰጥ ቤክ ከዚሁ ማኅበር ቀደም ብሎ የተቀበለውን ሜዳሊያ መለሰ። ከጊዜ በኋላ ሁለቱም በከፊል ትክክል ሆነው ተገኙ። ኋላ የመጡ ተጓዦች ዳባዲ ያየሁት ያለው እውነት መሆኑን አረጋገጡ፤ ስለ አባይ የደረሰበት ድምዳሜ ግን ወደቀ። ጆን ስፒክ በ1862 ነጭ አባይ ከቪክቶሪያ ሐይቅ ሲወጣ አየ። በ1896 ደግሞ የጣሊያናዊው ቪቶሪዮ ቦተጎ ጓድ ኦሞን ተከትሎ ቱርካና ሐይቅ ደረሰ። ጊቤ የኦሞ የላይኛው ክፍል ነው።

ሒሳቡና መጽሐፉ

ዳባዲ ኢትዮጵያን በ1848 መጨረሻ ለቀቀ። አሥር ዓመት የተሰበሰበውን ንባብ ወደ ካርታ መለወጥ ግን ከዚያ የበለጠ ጊዜ ወሰደ። ዛሬ በላፕቶፕ በአንድ አፍታ የሚያልቀው ስሌት ያኔ በሎጋሪዝም ሰንጠረዥ፣ አንድ በአንድ፣ በእጅ የሚሠራ ነበር። ሒሳቡን የሥነ ፈለክ ሊቁ ሮዶልፍ ራዶ እንደገና መርምሮ አዘጋጀው፤ «የኢትዮጵያ ጂኦዴሲ» የተባለው ሥራ ከ1860 ጀምሮ በክፍል በክፍል ታትሞ በ1873 ተጠናቀቀ። መጽሐፉ የመጨረሻዎቹን ቁጥሮች ብቻ አይሰጥም፤ በየጣቢያው የተነበቡትን ማዕዘኖች ራሳቸውን ያትማል። ስሌቱን የተጠራጠረ ሰው ከመጀመሪያው ንባብ ተነሥቶ ሊደግመው ይችላል ማለት ነው። ከቤክ ጋር ያን ሁሉ ዓመት ለተከራከረ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አልነበረም።

የሰበሰባቸውን 234 ብራናዎች ዝርዝር በ1859፣ የአማርኛ መዝገበ ቃላቱን በ1881 አሳትሟል። ብራናዎቹ ዛሬ በፓሪስ በሚገኘው የፈረንሳይ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ። በ1867 የሳይንስ አካዳሚ አባል፣ በ1892 ደግሞ ፕሬዚዳንቱ ሆነ።

አባዲያ

በ1859 ቪርጂኒ ደ ሴን ቦኔን አገባ። በባስክ አገር በኦንዴ ባሕር ዳርቻ ያሠራው አባዲያ የተባለ ግንብ ከ1864 እስከ 1879 ተገነባ፤ ንድፉ የቪዮሌ ለ ዱክ ነው። ግድግዳው በኢትዮጵያ ሕይወት ሥዕሎችና በአማርኛ ጽሑፍ ያጌጠ ሲሆን በውስጡ የከዋክብት መመልከቻ አለው። ዳባዲ እዚያ ለዓመታት በሜርኩሪ ገንዳ ላይ የሚንጸባረቅ ብርሃን እየተመለከተ የቱንቢ አቅጣጫ በጥቂቱ እንዴት እንደሚለዋወጥ አጠና። የባሕሩ ሞገድ መውጣትና መውረድ ከፊሉን ለውጥ ያስረዳ ነበር፤ የቀረውን ምን እንዳመጣው ግን ሊለይ አልቻለም።

ሌላው የአባዲያ ሙከራ የመነጨው ከኢትዮጵያው ሥራ ነው። ብርሃን በአየር ውስጥ ሲጓዝ ይታጠፋል። በ50 ኪሎ ሜትር ርቀት የምድር ክብነት አንድን ጫፍ ወደ 200 ሜትር ዝቅ አድርጎ ያሳያል፤ የብርሃኑ መታጠፍ ከዚህ ውስጥ ሰባተኛውን ያህል ይመልሳል፤ ያም ከሰዓት ሰዓት ይለያያል። ስለዚህ ከማዕዘን ከፍታን የሚያወጣ ሰው የማያውቀው አንድ ተጨማሪ ግብዓት ሁልጊዜ አለበት። ዳባዲ ይህን ሊለካ ፈልጎ የላሩን ተራራ ጫፍ በቋሚነት ለማየት በግንቡ ግድግዳዎች ውስጥ ቀዳዳዎች አሠራ። ከፍታውና ቦታው ከታወቀ ተራራ ተነሥቶ የመታጠፉን መጠን ማግኘት ነበር ሐሳቡ። ሙከራው አልተሳካም። ዳባዲም ቀዳዳውን አልደፈነም፤ በላዩ ላይ ምንም እንዳልታየና ምንም እንዳልተማረ የሚገልጽ ቃል በባስክ ቋንቋ አስቀረጸበት።

ግንቡንና መሬቱን ለሳይንስ አካዳሚ ሲያወርስ የግማሽ ሚሊዮን ከዋክብት ዝርዝር በ50 ዓመት ውስጥ እንዲዘጋጅ ግዴታ አኖረ። በ1897 በፓሪስ ሞተ፤ የተቀበረው በአባዲያ ጸሎት ቤት ሥር ነው።