ወንበዴውና ፖሊሱ፤ የራስ አበበ አረጋይ ሕይወት

የሕንድ ፊልም ያላየ ተማሪ በአገራችን ጥቂት ነው። አክተሩን ከወንበዴው ለመለየትም ብዙ አይደክምም፤ ወንበዴው ብቅ ሲል ሙዚቃው ራሱ ይነግረዋል። ራጅ ካፑር በ1951 እ.ኤ.አ. የሠራው «አዋራ» ግን ነገሩን ያወሳስበዋል። በዚያ ፊልም አንድ ዳኛ የጨዋ ልጅ ጨዋ፣ የሌባ ልጅ ሌባ ይሆናል ብሎ ያምናልና፣ ጃጋ የተባለውን ንጹሕ ሰው አባቱ ወንበዴ ነበር በማለት ይፈርድበታል። ጃጋም ከዚያ በኋላ እውነተኛ ወንበዴ ይሆናል፤ ቂሙንም የሚወጣው የዳኛውን ልጅ ሌብነት በማስተማር ነው። እንግዲህ ወንበዴ የሚለውን ስም የሚያወጣው ማን ነው? ይህ ጥያቄ ከሲኒማ ቤቱ አብሮን ይወጣል። የሰሜን ሸዋን ታሪክ ላነበበ ሰው ደግሞ አንድ ስም ያስታውሰዋል፤ እርሱም የራስ አበበ አረጋይ ስም ነው።

ራስ አበበ የተወለዱት በ1895 ዓ.ም. ገደማ ሲሆን የራስ ጎበና ዳጬ የልጅ ልጅ ናቸው። የኢጣልያ ጦር በመጣ ጊዜ ገና ባላምባራስ ይባሉ ነበር፤ ሥራቸውም የአዲስ አበባ ፖሊስ አዛዥነት ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ከከተማው ወጡ፤ ወዲያው ዝርፊያና ቃጠሎ ተነሣ፤ በሦስተኛው ቀን ጠላት ገባ። ትናንት ሌባ ያሳድዱ የነበሩት አዛዥ ዛሬ ራሳቸው በጠላት መዝገብ ሽፍታ ተብለው ሊጻፉ ሆነ። ሕጉ ከነማኅተሙ በባዕድ እጅ ገብቷልና፣ ለፖሊስ የቀረው መንገድ ወይ ማደር ወይ መሸፈት ነበር።

ሐምሌ 21 ቀን 1928 ዓ.ም. የሸዋ አርበኞች ዋና ከተማውን ለማስለቀቅ ዘመቱ። ባላምባራስ አበበም ከዘመቱት አንዱ ነበሩ። የክረምቱ ጎርፍ ወንዞቹን ሞልቶ ነበር፤ በየአቅጣጫው የሚመጣውም ጦር የሚላላክበት መሣሪያ አልነበረውምና ጥቃቱ ከሸፈ። አቡነ ጴጥሮስ በጥይት ተደብድበው የሞቱት በዚያው ሰሞን ነው። አበበ አረጋይ ወደ ሰሜን አፈገፈጉ።

ወደ ደብረ ሲና በአውቶቡስ የሄደ አንባቢ ያን አገር ያውቀዋል። ከደብረ ብርሃን ጀምሮ ብርዱ አጥንት የሚሰብር ሜዳ ነው፤ ከዚያም ምድሩ በድንገት ያልቅና ገደሉ ቁልቁል ወደ ቆላው ይወርዳል። በጣርማ በር ተራራ ውስጥ የምናልፍበትን ዋሻ ኢጣልያኖች የፈለፈሉት በዚያው በወረራው ዘመን ነው። መንገዱን የያዙት እነርሱ፣ ገደሉን የያዙት አርበኞቹ ነበሩ። አንኮበር፣ ቡልጋ፣ ተጉለት፣ መንዝ፤ ደጋው ሲከበብ ወደ ቆላ፣ ቆላው ሲከበብ ወደ ደጋ እየተባለ አምስት ዓመት ታለፈ። በየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ የጣሉት አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ሸሽተው ለጊዜው የተጠጉት ወደ እሳቸው ነበር።

የዚህ ሕይወት ከባዱ ምዕራፍ ጥይት የሚተኮስበት አይደለም። አርበኞቹ የልጅ ኢያሱን ልጅ መልአከ ፀሐይን አንግሠው ነበር፤ ልጁ ግን ብዙ ሳይቆይ ሞተ። ገበሬው ለአርበኛውም ለጠላትም እየገበረ ተራቆተ። ኋላም ጄኔራል ናሲ በእርቅ ቃል ሊያስገባቸው መልእክተኛ ላከ፤ እሳቸውም እንደሚገቡ እየመሰሉ ተደራደሩ። ይህን ድርድር እስከ ዛሬ የሚነቅፍ ሰው አለ። በእኔ አስተያየት ግን ነቃፊው የዚያን ዘመን ረኀብ አልመዘነም። ደግሞም በመጨረሻ አልገቡም።

ስለ ረኀቡና ስለ ጭካኔው መጠን የዘረት ዋሻ ይመስክር። በሚያዝያ 1931 ዓ.ም. ከራስ አበበ ጦር ጋር ይጓዙ የነበሩ ቁስለኞች፣ ሽማግሌዎች፣ ሴቶችና ሕፃናት በተሾመ ሻንቁጥ መሪነት በሰሜን ሸዋ ተራሮች ውስጥ ወደ አንድ ዋሻ ገቡ። የጠላት ጦር ከቦ መርዝ ጋዝ ለቀቀባቸው። እጃቸውን ሰጥተው የወጡት ወንዶች፣ ቁጥራቸው 800 ይደርሳል፣ በገደሉ አፋፍ ተረሸኑ። ማቴዮ ዶሚኒዮኒ የተባለ ኢጣልያዊ የታሪክ ተመራማሪ ወደ ስፍራው ሄዶ አጽሙን ያየው በ1998 ዓ.ም. ነው፤ ከ60 ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ። ዋሻው የሚታወቀው «አመፀኛ ዋሻ» በሚል ስም ነው። በውስጡ ከሞቱት ብዙዎቹ ጠመንጃ ያልያዙ ነበሩ።

ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ወደ አዲስ አበባ ሲመለሱ ራስ አበበ አርበኞቻቸውን አሰልፈው ተቀበሉ። ከዚያ በኋላ ያለው የሹመት ዝርዝር ነው፤ የጦር ሚኒስትር፣ የትግራይ ገዥ፣ የአገር ግዛት ሚኒስትር፣ የመከላከያ ሚኒስትር፣ ከ1950 ዓ.ም. ጀምሮም የሚኒስትሮች ምክር ቤት ሊቀ መንበር።

ከዚህ ዝርዝር ግን አንዱን መዝለል አይገባም። በ1935 ዓ.ም. በትግራይ የወያኔ ዓመፅ በተነሣ ጊዜ ዘመቻውን የመሩት እሳቸው ነበሩ። በ1936 መጀመሪያ የእንግሊዝ አውሮፕላኖች ከኤደን ተነሥተው መቀሌን ደበደቡ። ከጥቂት ዓመት በፊት በአንኮበር ገደል ከአውሮፕላን የተሸሸጉት ሰው፣ አሁን ሽፍታ የሚባለው ሌላ ሰው ሆኖ፣ አውሮፕላኑ በእሳቸው ወገን ነበር። ያን ጊዜ ምን እንዳሰቡ ባውቅ እወድ ነበር።

በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የክብር ዘበኛው አዛዥ ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይና ወንድማቸው ገርማሜ ንዋይ መንግሥት ለመገልበጥ ተነሡ። ገርማሜ በአሜሪካ የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የተማሩ ነበሩ፤ የኮሌጅ ተማሪዎችም ደግፈዋቸው ሰልፍ ወጡ። ለእነዚህ ተማሪዎች ራስ አበበ የአንኮበር አርበኛ አልነበሩም፤ ለውጥ የሚያግድ አሮጌ ባለሥልጣን ነበሩ። የመንግሥቱ ሹማምንት በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት አረንጓዴ ሳሎን ውስጥ ታግተው ቆዩ። ሙከራው መክሸፉ በታወቀ ጊዜ በመትረየስ ተተኮሰባቸው፤ ከ10 የሚበልጡ ሞቱ። ራስ ሥዩም መንገሻ ከሟቾቹ አንዱ ሲሆኑ፣ ጠላት አምስት ዓመት አሳድዶ ያልያዛቸው ራስ አበበም በዚያ ወደቁ። ገርማሜ በሽሽት ላይ ሳሉ ሞቱ፤ ጄኔራል መንግሥቱ በዚያው ዓመት በመጋቢት ተሰቀሉ። ወንበዴ የሚለው ስም በዚያ ሳምንት ብቻ ስንት ጊዜ ከአንዱ ወደ ሌላው እንደ ተላለፈ አንባቢ ይቍጠረው።

ቤተ መንግሥቱ ብዙም ሳይቆይ ለዩኒቨርሲቲው ተሰጠ። በስድስት ኪሎ ስንማር ወደ ኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ስንገባ የምናልፈው በዚያው ሕንፃ ደጅ ነበር፤ ደብተራችንን ይዘን፣ ፈተና እያሰብን። በመጀመሪያው ዓመቴ እዚያ ቤት ውስጥ ማን እንደ ሞተ የነገረኝ ሰው አልነበረም።